ፒናርና ፒናርድ

ከደሴ ስወጣ ሻንጣዬ ውስጥ ካስገባኋቸው ዕቃዎች እስከ ዛሬ ከእጄ ያልወጣች አንዲት የእንጨት ቀንድ አለች። ቁመቷ ስንዝር ቢሆን ነው። አንዱ ጫፏ እንደ ጥሩምባ ሰፋ ይላል። ሌላኛው ጠፍጣፋ ሆኖ መሃሉ ቀዳዳ አለው። ከብዙ መያዝ የተነሳ ወገቧ ላይ እንጨቱ ወዝቷል። አዋላጅ የሆነ ሰው ገና ተናግሬ ሳልጨርስ አውቋታል። ፒናርድ ናት።

ማሽን በሌለበት፣ ወይም ማሽኑ ኖሮ ባትሪው ሲያልቅ፣ የፅንሱን ልብ የምንሰማው በእሷ ነው። መጀመሪያ ሆድን በእጅሽ ዳስሰሽ የልጁ ጀርባ በየት በኩል እንደሆነ ታገኛለሽ። ሰፊውን ጫፍ እዚያ ታሳርፊያለሽ። ጆሮሽን ጠፍጣፋው ላይ ትለጥፊና እጅሽን ትለቂያለሽ። ቀንዷን የሚይዛት ጆሮሽ ብቻ ነው። በአንድ እጅሽ የእናትየውን አንጓ ትይዣለሽ፤ የእሷን የልብ ምት ከልጁ እንዳትቀላቅዪው። ከዚያ ዝም ነው። መጀመሪያ የሚሰማሽ የራስሽ ጆሮ ጩኸት ነው። ቆይቶ ከግድግዳ ማዶ ቶሎ ቶሎ እንደሚሮጥ ሕፃን ኮቴ ይመጣል። ሙሉ አንድ ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ። ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው።

ስሟ ከሰው የመጣ መሆኑን ተምረናል። አዶልፍ ፒናርድ፣ ፈረንሳዊ የማህፀን ሐኪም፣ 1895። ለፈተና ይህ በቂ ነበር። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ "ዓ.ም." እላለሁ።) ስንጠራት መጨረሻዋ ላይ ያለችውን "ድ" ጠበቅ እናደርጋት ነበር። ፒናርድ። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ያቺን ድምፅ እንደማያወጧት የነገረን አልነበረም። ይህቺን "ድ" ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን የምኖረው ጆሃንስበርግ ነው። ባለቤቴ ጄፒ በሚባለው የከተማው ሰፈር ሱቅ አለው፤ እኔም አብሬው እሠራለሁ። ቤታችን ከኤሊስ ፓርክ ስታዲየም ብዙም አይርቅም። ጎረቤታችን ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው፤ አፍሪካንስ ተናጋሪ ነጭ። ሰፈሩ ሁሉ "ኡም" ይላቸዋል። አጎት ማለት ነው፤ እኛ "ጋሼ" እንደምንለው። እዚህ ስለሳቸው መጻፍ እፈልጋለሁ ብዬ ስጠይቃቸው "የቤተሰቡን ስም ጻፊ፣ የኔን ተዪው" አሉኝ።

የቤተሰቡ ስም በራቸው ላይ ባለች የነሐስ ሰሌዳ ተቀርጿል። ፒ፣ አይ፣ ኢ፣ ኤን፣ ኤ፣ ኤ፣ አር። በመጀመሪያው ሳምንት "ሚስተር ፒየናአር" ብዬ ሰላም አልኳቸው። ሳቅ አሉና "ፒናር" ብለው አረሙኝ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ከወንበሩ ዘለለ። "የኤቨርተኑ ፒናር?" አለኝ። እሱ ሰውን ሁሉ የሚያውቀው በኳስ ነው። ስቲቨን ፒናርን በግራ መስመር ከቤይንስ ጋር ሲቀባበል አይቶ ያደገ ሰው ነው። "ግን እኮ እሱ ጥቁር ነው፣ እኚህ ነጭ ናቸው" አለኝ። ነገሩ እኔንም ከነከነኝ። በማግስቱ ኡምን ጠየቅኋቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ገብተው አንድ ትልቅ መጽሐፍ ተሸክመው መጡ። ቆዳ የለበሰ፣ የድሮ ሆላንድኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሽፋኑን ሲገልጡት ገጹ በስም ተሞልቷል። አንዱ ስም በጥቁር ቀለም፣ ሌላው በቡናማ፣ የታችኞቹ በእስኪብርቶ። የተወለዱበት ቀን፣ የተጠመቁበት ቀን፣ ያረፉበት ቀን። ውስጤ ደነገጠ። እኛ ቤት የልጆች ልደት የሚጻፈው ዳዊቱ ጀርባ ላይ ነበር። ያውም እንዲህ ዓይነት ቡናማ ቀለም።

"የመጀመሪያው እዚህ ላይ የለም" አሉኝ ኡም። "የመጀመሪያው በመርከብ ነው የመጣው።"

የመጀመሪያው ዣክ ይባላል። አናጢ ነበር። የመጣው ከፈረንሳይ፣ ከሉዋር ወንዝ አካባቢ፣ ዦን ከምትባል ትንሽ መንደር ነው። ሃይማኖቱ ፕሮቴስታንት። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ እንዲህ ያሉትን ሁጉኖት ይሏቸው ነበር። ንጉሥ አንሪ አራተኛ በ1598 የናንት አዋጅ በተባለው ደንብ አምልኳቸውን ፈቀደላቸው። የልጅ ልጁ ሉዊ አሥራ አራተኛ በ1685 ሻረው። ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲፈርስ ታዘዘ። ፓስተሮቻቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ምእመኑ ግን መውጣትም ተከለከለ። ሲሸሽ የተያዘ ወንድ ዕጣው በሰንሰለት ታስሮ የመርከብ መቅዘፍ ነበር። ሴቷ ወህኒ ትገባለች። ይህም ሆኖ 200 ሺህ ያህል ሰው ወጥቷል። አብዛኛው ሆላንድ፣ እንግሊዝና ጀርመን አገር ቀረ። ጥቂቱን የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወደ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ ወደ ኬፕ ወሰደው። ኩባንያው እዚያ የሚያርስለትና ወይን የሚተክልለት ሰው ፈልጎ ነበር።

ፎርስኮተን የምትባለው መርከብ ታኅሣሥ 31 ቀን 1687 ሆላንድ ውስጥ ከዴልፍስሃቨን ተነሳች። ዣክ 23 ዓመቱ ነበር። አብራው ሚስቱ አስቴር ፉሼ ነበረች፣ የ21 ዓመት ልጅ። ጉዞው ከሦስት ወር በላይ ፈጀ። በመጨረሻም ነፋሱ ወደ ኬፕ ወደብ አላስገባ ስላላቸው፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1688 ከዚያ በስተሰሜን ባለው ሳልዳኛ ሰላጤ አረፉ። ለኩባንያው ታማኝ ሊሆኑ ምለዋል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ኋላ እንዳይመለሱም ተስማምተዋል። ይህን ስሰማ ባለቤቴ የመጣበት መንገድ ትዝ አለኝ። ከሞያሌ ጀምሮ ሦስት አገር አቋርጦ ነው የገባው። ስለዚያ ጉዞ ለእኔ እንኳ የነገረኝ ግማሹን ነው። አስቴር ስለዚያች መርከብ ለልጆቿ ምን ነግራቸው ይሆን?

ኡም የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር በመጽሐፍ አሳዩኝ። እንዳልረሳው ስልኬ ላይ በአማርኛ ማስታወሻ ልይዝ ጀመርኩ። ጣቴን በዝርዝሩ ላይ እያስኬድኩ ስሙ ጋ ደረስኩ። ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤ፣ አር፣ ዲ። ቆምኩ። ይህ የማውቀው ቃል ነው። የቀንዴ ስም ነው። ፊደል በፊደል ራሱ ነው።

"ፒናርድ?" አልኳቸው።

"ፒናር" አሉኝ ኡም። "ዲዋ አትነበብም። ፈረንሳይኛ ነው።"

የእጄን ስልክ አየሁት። "ዣክ ፒናር" ብዬ ጻፍኩ። ከላይ ደግሞ የኡምን ስም ጽፌ ነበር፤ "ፒናር"። አንድ ናቸው። በእኛ ፊደል ከአናጢው እስከ ጎረቤቴ፣ ከ300 ዓመት በላይ፣ ስሙ አንዲት ፊደል አልተለወጠም። ፒ፣ ና፣ ር።

የሆነው እንዲህ ነው። ኬፕ ላይ መዝገብ የሚጽፈው ሰው ሆላንዳዊ ነው። አናጢው ስሙን ሲናገር የጆሮውን ጻፈ። የሆላንድ ሰው ረጅም "ኢ" ሲሰማ በሁለት ፊደል ይጽፋል። ረጅም "ኣ" ሲሰማ ኤዋን ይደግማታል። "ድ" አልሰማም፤ አልጻፈም። ፈረንሳይ ውስጥ የሚጻፈው መልክ ጠፋ። ፈረንሳይ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ግን ተረፈ። ስሙ ልብሱን ለውጦ ራሱን አዳነ ብል ማጋነን አይሆንም። እኛ ደግሞ ደሴ ላይ ልብሱን ይዘን ነበር። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማርን ስለሆንን ፈረንሳዮቹ የማይጠሯትን "ድ" ጨምረን ስንጠራ ኖርን።

ከፈረንሳይ የመጡት ሁሉ እንዲህ አልሆኑም። እዚህ አገር ያሉ ፈረንሳይ ወለድ ስሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዕጣ አላቸው። ከሊል የመጣው ፍራንስዋ "ዱ ቱዋ" ይባል ነበር። ዘሮቹ አጻጻፉን አልነኩትም። ዛሬ ግን "ዱ ቶይ" ብለው ነው የሚጠሩት። እነዚያ ፊደሉን ጠበቁ፣ ድምፁን ለቀቁ። ገና በ1671 የመጣው ቪዮን ደግሞ ሁለቱንም ለቋል። ፊደሉም ሌላ ሆነ፣ አጠራሩም "ፊልዩን" ወደሚመስል ነገር ዞረ። "ሩሶ" ሮሶው ሆነ። የ"ረቲፍ" ነገር በጣም ይገርመኛል። በፈረንሳይኛ ረቲፍ ማለት አልሄድም ብሎ የሚገተር በቅሎ ወይም ፈረስ ነው። ከዘሩ የወጣው ፒት ረቲፍ ግን በ1837 ከኬፕ በስተምሥራቅ ካለው አገሩ ነቅሎ ወደ ሰሜን ከተሰደዱት መሪዎች አንዱ ሆነ።

አስቴርንም ልጥቀሳት። የሷ ቤተሰብ ስም፣ ፉሼ፣ በሌሎች ዘመዶቿ በኩል እዚህ አገር አለ። ከ1968 እስከ 1975 የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ሰው ፉሼ ነው። የሷ ልጆች ግን በአባታቸው ስም ነው የቀጠሉት። በእኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ልጆቿ ግን በአባታቸው ይጠራሉ። እናት በሁለቱም አገር ከዝርዝሩ ትወጣለች።

ባለፈው ዓመት ለሰርግ ኬፕታውን ሄጄ አንድ ቀን ሰርቄ ፍራንስሁክ ደረስኩ። የፈረንሳዮች ጥግ ማለት ነው። በተራራ የተከበበ ሸለቆ ነው፤ ወይኑ እስከ ተራራው እግር ድረስ በሰልፍ ተተክሏል። ከከተማዋ ጫፍ በ1948 የተመረቀው የሁጉኖቶች ሐውልት አለ። አንዲት ሴት በአንድ እጇ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላኛው የተበጠሰ ሰንሰለት ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ሦስት ቅስቶች አሉ፤ ለሥላሴ ነው። ብዙ ቆሜ አየኋት። የተበጠሰው ሰንሰለት ልቤን ነካው። ግን እዚያው ቆሜ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ያ ሸለቆ ባዶ አልነበረም። ኮይኮዮች የሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች ከብት ያሰማሩበት ነበር። ወይኑንም ስደተኞቹ ብቻቸውን አልተከሉትም። ኬፕ ላይ ባሪያ ነበር፤ በአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት 60 ሺህ ያህል ሰው ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች በመርከብ መጥቷል። ሰንሰለት በጥሶ የመጣ ሰው ሌላውን ባሪያ አድርጎ መግዛቱን እንዴት ቻለበት? ይህን ለኡም ጠየቅኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። "እኛ ቤት ይህ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር" አሉኝ።

ለባለቤቴ ጥያቄ መልሱም ያለው እዚህ ነው። ለባሪያ ስም የሚያወጣለት ጌታው ነው። ከቤንጋል የመጣ "የቤንጋሉ" ተባለ። ሌላው የወር ስም ተሰጠው። ዛሬም በኬፕ ሴፕቴምበር፣ ፌብሩዋሪ፣ ኦክቶበር የሚባሉ ቤተሰቦች በብዛት አሉ። ሌሎች ደግሞ የገበሬውን ስም ይዘው ቀሩ። አንዳንዱ ልጁ ስለሆነ፣ አንዳንዱ እሱ ጋ ስለሠራ፣ አንዳንዱ ስሙ ሲጠመቅ ስለተጻፈበት። ባርነት በ1834 ሲቀር ስሙ አብሮ አልቀረም። እዚህ አገር "ከለርድ" የሚባሉት ቅይጥ ዘር ያላቸው ሰዎች ማሬ፣ ዱ ቶይ፣ ፒናር ሲባሉ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ስቲቨን ፒናር በ1982 የተወለደባት ዌስትበሪ፣ በአፓርታይድ ጊዜ ለከለርዶች ተከልላ የነበረች የጆሃንስበርግ ሰፈር ናት። ከዚያች ሰፈር ወጥቶ ያንን ስም በጀርባው ለብሶ አያክስ፣ ኤቨርተን፣ የ2010 ዓለም ዋንጫ ደረሰ። የአናጢውን ስም ከማንም በላይ ለዓለም ያሰማው እሱ ይመስለኛል።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አልዘለለም። "እንግዲያው ስሙ የሁሉም ነው" አለ።

እዚህ ላይ የአንዲት የእኛ አገር ልጅ ስም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ1888 የእንግሊዝ ጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ በባርነት ሲወሰዱ የነበሩ የኦሮሞ ልጆችን አስጣለ። ከነዚህ 64ቱ በ1890 ከኤደን ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት መጡ። አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። ጃርሳ የአባቷ ስም ነው። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ነው፤ ሮበን ደሴት 10 ዓመት የታሰረው የቋንቋ ምሁር። አባቷ ጃርሳ እዚህ አገር የሚጠራበት ቤተሰብ የለውም። የአናጢው ስም በሺህ በሮች ላይ ተለጥፎ፣ የጃርሳ ስም በአንዲት ሴት ልጁ ላይ ቆመ። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ቋንቋውስ? ቋንቋው ከስሙ በፊት ሞተ። ኩባንያው ስደተኞቹን ሆን ብሎ ከሆላንዶች ጋር አቀላቅሎ ነበር ያሰፈራቸው፣ ለብቻቸው እንዳይሰባሰቡ። በ1701 ደግሞ ስብከቱም ትምህርቱም ወደ ሆላንድኛ እንዲዞር ተወሰነ። ፓስተራቸው ፒየር ሲሞን በዓመቱ አገር ለቆ ሄደ። በ1750ዎቹ መጀመሪያ ኬፕ የቆየው የኮከብ ተመራማሪ ላካይ፣ ፈረንሳይኛ የቀረው በአዛውንቶቹ አፍ ብቻ መሆኑን ታዘበ። በ1780ዎቹ ሌ ቫያን የሚባል ተጓዥ ሲመጣ ፈረንሳይኛ የሚሰማ አንድ ሽማግሌ ብቻ አገኘ። መቶ ዓመት አልሞላም! ጄፒ ላይ የእኛን ልጆች ሳይ ይህ ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። አማርኛ ይሰማሉ። መልሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ወደ ደሴ ልመልሳችሁ።

አንድ ቀን ኡም "አንቺ ከየት ነሽ?" አሉኝ። ከወሎ፣ ከደሴ አልኳቸው። አይናቸው ፈጠጠ። "ዴሲየ?" አሉ። "ኮምቦልሲያ አጠገብ ያለው?" መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው ኮምቦልቻ ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ። የደቡብ አፍሪካ መጻሕፍት ኮምቦልቻን ጣሊያኖች እንደጻፏት ነው የሚጽፏት። የእኛም ከተማ ስም ሰው እጅ ገብቶ ልብስ ለውጧል።

ኡም የሚያውቁት በዳን ፒናር ምክንያት ነው። ጄኔራል ዳን ፒናር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የደቡብ አፍሪካን አንደኛ ብርጌድ ይመራ ነበር። ብርጌዱ ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ አድርጎ ኢትዮጵያ ገባ። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ስትወጣ፣ የፒናር ሰዎች በጣርማ በር በኩል ወደ ሰሜን ታዘዙ። ጣሊያን ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ገደል ይዞ ጠበቃቸው። አርበኞቻችን ከጎናቸው ተሰልፈው ብዙ ቀን ተዋጉ። ደሴ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ተያዘች። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከመግባታቸው ዘጠኝ ቀን በፊት መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ አምባላጌ ቀጠሉ። ዳን ፒናር ራሱ ብዙ አልቆየም። በታኅሣሥ 1942 ከሰሜን አፍሪካ ወደ አገሩ ሲመለስ ኪሱሙ ላይ አውሮፕላኑ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ሞተ።

አያቴ ያንን ቀን ታስታውስ ነበር። ግን "እንግሊዝ ሲገባ" ነበር የምትለው። ለእነሱ ሁሉም እንግሊዝ ነው። ከዚያ ጦር ጋር የመጡ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያንም ነበሩ፤ መኪና የሚነዱ፣ ዕቃ የሚሸከሙ፣ ምግብ የሚያበስሉ። መንግሥታቸው ጠመንጃ ከልክሏቸው ነበር። እኛን ነፃ ሊያወጡ መጥተው አብዛኞቹ አገራቸው ላይ መምረጥ አይችሉም ነበር። ይህንን ለኡም ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ያውቃሉ።

ኡም ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አለ። ሰኔ 24 ቀን 1995፣ ኤሊስ ፓርክ። ከቤታችን የስታዲየሙ መብራት ምሰሶ ይታያል። ማንዴላ አረንጓዴውን የራግቢ ማሊያ፣ ስድስት ቁጥሯን ለብሰው ዋንጫውን ለአምበሉ ሲሰጡ ነው። ስድስት ቁጥር የአምበሉ ነው፣ የፍራንስዋ ፒናር። ያን ቀን ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን በተጨማሪ ሰዓት 15 ለ12 አሸነፈች። ያ አረንጓዴ ማሊያ ጥቁሮቹ አፓርታይድን የሚያዩበት ልብስ ነበር። ማንዴላ ለበሱት። ስለ ስታዲየሙ ደጋፊ ሲጠየቅ ፍራንስዋ ከኋላችን የነበረው 43 ሚሊዮን ሕዝብ ነው አለ። ኡም ያን ቀን ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። ሲነግሩኝ አሁንም እንባቸው ይመጣል።

የኡም ስም ነገር ለኔ ጉዳይ የሆነብኝ ልጃችን ከተወለደች ወዲህ ነው። እዚህ አገር ወረቀት ላይ "የቤተሰብ ስም" የሚል ሣጥን አለ። እኛ የለንም። ስም አለን፣ የአባት ስም አለን፣ የአያት ስም አለን። ባለቤቴ ሲገባ ሣጥኑ ውስጥ የአባቱን ስም ሞላ፤ ጸጋዬ። ልጃችን ስትወለድ ያ ስም ወደሷ ዞረ። ቤት ውስጥ የአባቷ ልጅ ናት። ወረቀቱ ላይ የአያቷ ልጅ ሆነች። የወሎን አፈር ለቀው የማያውቁት አማቼ፣ ሳያስቡት፣ እዚህ አገር የስም አባት ሆኑ።

እዚህ የትውልድ ሐረግ የሚጽፉበት አንድ ዘዴ አለ፤ ደ ቪልየ የሚባል ሰው በ1890ዎቹ በታተመው መጽሐፉ ያስለመደው። መጀመሪያ የመጣው ሰው "ኤ" ነው። ልጆቹ "ቢ"፣ የልጅ ልጆቹ "ሲ"። ቁጥሩ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ይናገራል። ኡም የራሳቸውን በቃላቸው ይወርዱታል። እኛ ከራሳችን ጀምረን ወደ ላይ ነው የምንወጣው፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንጅላት እያልን እስከ ሰባት ቤት። ያውም የምንቆጥረው እንዳንጋባ ነው። እነሱ ከመርከቡ ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ። እንግዲህ አማቼ "ኤ" ናቸው ማለት ነው።

የልደት ወረቀቷ ሲመጣ ግን ስሙ ተሳስቷል። ጸጋዬ በላቲን ሲጻፍ በቲ ይጀምራል። ቲዋ የለችም። ጻፊው "ሰጋዬ" ብሎ ሰምቶ ይሁን ዘንግቶ አላውቅም። አባትየው በአንድ ፊደል፣ ልጅቷ በሌላ። ለማሳረም ስድስት ጊዜ ተመላለስን። አንድ ጊዜ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሰዓት አለቀ ተባልን። ሌላ ጊዜ ፋይሉ የለም። እየተናደድኩ ስመለስ ኡም አጥር ላይ ቆመው ነበር። ነገርኳቸው። "ተዪው" አሉኝ። "እኛም እንዲሁ ነው ፒናር የሆንነው።"

አልተውኩትም። ዣክ ፒናር ፊደሉን አጥቶ ድምፁን አተረፈ። የእኛ ጻፊ የወሰደው ድምፁን ነው። "ጸ" ወጥታ "ሰ" ስትገባ አማቼን ሰው በስልክ ሲጠራቸው ዞር አይሉም። ለሰባተኛ ጊዜ ሄድኩ። ታረመ። ልጄን እሑድ እሑድ ፊደል ሳስቆጥራት "ጸ" ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ምላሷን ጥርሷ ላይ አድርጋ ትሞክራለች።

ስለ አዶልፍ ፒናርም ኋላ አነበብኩ። በ1844 ተወልዶ በ1934 ነው የሞተው። ፓሪስ ውስጥ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር ነበር። ከመውለዳቸው በፊት ከሥራ ዕረፍት ያገኙ ሴቶች ልጆች ክብደታቸው እንደሚሻል ያሳየው እሱ ነው። ለነፍሰ ጡር ሠራተኞች ዕረፍት ይሰጥ ብሎ ተከራክሯል። ፈተና ላይ ይህ ቢጠየቅ ኖሮ የበለጠ እንወደው ነበር።

ባለፈው እሑድ የኡም የልጅ ልጅ ከፕሪቶሪያ መጣች። ሰባት ወሯ ነው። ክሊኒክ ትከታተላለች፣ ሁሉ ደህና ነው። አላገባችም፤ ልጁን በራሷ ስም ነው የማስመዘግበው አለችኝ። ኡም "ያቺን ዕቃ አምጪና አሳያት" አሉ። ቤት ሄጄ ቀንዴን አመጣሁ። ልጅቷ አይታ አታውቅም። "እንጨት ናት እኮ" አለች። "ስሟ ያንቺው ነው" አልኳት፤ መጨረሻዋን "ድ" ሳላወጣ።

ሶፋው ላይ ጋደም አለች። እጄን አሻሽቼ አሞቅኋት። ጀርባው በግራ ነው። ቀንዷን አሳረፍኩ፣ ጆሮዬን ለጠፍኩ፣ እጄን ለቀቅኩ። አንጓዋን ያዝኩ። ኡም ቴሌቪዥኑን አጠፉ። መጀመሪያ የራሴ ጆሮ። ከዚያ መጣ፤ ፈጣን፣ እኩል፣ ከግድግዳ ማዶ። መቁጠር ጀመርኩ።

"ስንት ነው?" አሉ ኡም ከበሩ።

ጣቴን አነሳሁባቸው። ደቂቃው ገና አልሞላም ነበር።